በብርሃን የሚለካ ግፊትና ሙቀት

(የመክፈቻ ሙዚቃ)

የዛሬው ርእሳችን ግፊትና ሙቀት ነው፤ ይልቁንም ሁለቱን በብርሃን የመለካት ጥበብ።

በቀላል ጥያቄ እንጀምር። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ተማሪዎች ወዲያው «በ100» እንደምትሉ አውቃለሁ። መጽሐፉም እንዲያ ይላል። ነገር ግን ያ ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላያችን የተከመረው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ያንሳል። እዚያ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን እኛ ዘንድ ወደ 78 ይወርዳል። ግፊቱ የቀለለት ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ፣ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ወደ ሐምበሪቾ ተራራ ጫፍ ብትወጡ ደግሞ ወደ 90 ዝቅ ይላል፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቆላ ብትወርዱ ወደ 97 ከፍ ይላል። ደገኛ እናቶች ባቄላና ቦሎቄ አልበስል ብሎ እንጨት ፈጀብን ሲሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። እሳቱ አልሰነፈም፤ ውሃው ከ93 በላይ መሞቅ አይችልም።

ይህ ከድስት አልፎ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያም ይደርሳል። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚጸዳበት አውቶክሌቭ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ትልቅ ድስት ነው ማለት ይቻላል፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ ያደርሳል። ብዙ መመሪያ «ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል» ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ዳርቻ ነው። ተራው ጌጅ የሚለካው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ የእኛ የውጭ ግፊት ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሆሳዕና ላይ ጌጁ 15 ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት 117 ዲግሪ ያህል ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ከ18 በላይ ማሳየት ይኖርበታል። 4 ዲግሪ ምን ታደርጋለች የሚል ካለ፣ በዚህ ሙቀት ክልል ጥቂት ዲግሪ መጉደል ጠንካራዎቹን የባክቴሪያ ዘሮች ለመግደል የሚያስፈልገውን ጊዜ በእጥፍና ከዚያም በላይ እንደሚያረዝም ይወቅ።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው፤ ግፊትና ሙቀት ተጣምረው የሚሄዱ ናቸው። አንዱን ለክቶ ሌላውን በግምት የሚተው ሰው ይታለላል። በድስት፣ በአውቶክሌቭ፣ በግድብ፣ በምድር ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ወደ ፊት እንደምናየው ሁለቱን በሚለካው የመስታወት ክር ውስጥ እንኳን ይኸው ጣጣ አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

የመስታወት ክር ስል ኦፕቲካል ፋይበሩን ማለቴ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በከተሞቻችን የሚያልፈው፣ ስልካችሁንና ኢንተርኔታችሁን የሚያመላልሰው። የአንዱ ክር ውፍረት ከነመስታወት ልባሱ 125 ማይክሮ ሜትር ነው፤ 8 ክር ጎን ለጎን ቢደረደር አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላል። ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርቱ ደግሞ ወደ 9 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካዎ የተባለው የቻይና ተወላጅ መሐንዲስ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር ሆኖ፣ መስታወቱ ቆሻሻው ከተወገደለት ብርሃንን ረጅም መንገድ ሊያደርስ እንደሚችል በጽሑፍ አስረዳ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዛሬ ጥሩ ፋይበር በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያባክነው ከመቶ አምስት እጅ የማይሞላውን ብርሃን ነው።

ያ ክር ወሬ ከማመላለስ በላይ ሥራ ይችላል። ሙቀት ይለካል፤ ግፊት ይለካል፤ ንዝረትም ይሰማል።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት «ፋይበር ተቆረጠ» በተባለ ቀን ቴክኒሻኖች የሚያደርጉትን መመልከት ይበቃል። በእጃቸው ኦቲዲአር የሚባል ሳጥን አለ። የክሩን ጫፍ ይሰኩበታል፤ ሳጥኑ አጭር የብርሃን ምት ይልካል። መስታወቱ ፍጹም ስላልሆነ በየደረሰበት ጥቂት ብርሃን ወደ ኋላ ይመልሳል። የጊቤ ገደል አፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ እስኪመለስለት ቆጥሮ ማዶው ምን ያህል እንደሚርቅ እንደሚገምተው፣ ሳጥኑም የብርሃኑን መመለሻ ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ መቶ ሺኛ ይበቃዋል። በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ መስመር ይታያል፤ ክሩ የተቀጠለበት ቦታ ላይ ትንሽ ደረጃ፣ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ሹል ከፍታ፣ ከዚያ ወዲያ ዝብርቅርቅ ያለ ጫጫታ። ቴክኒሻኑ ከሆሳዕና ቁጭ ብሎ «ከዱራሜ ወዲህ በዚህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው» ማለት የሚችለው በዚህ ነው።

አሁን አንድ እርምጃ እንቀጥል። ወደ ኋላ ከሚመለሰው ብርሃን ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ ይመጣል። ይህን የብርሃን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1928 ሕንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን ካልካታ ውስጥ ደረሰበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ኖቤል አሸለመው። የመስታወቱ ሞለኪውሎች ይርገበገባሉ፤ ሲሞቁ ደግሞ ይበልጥ ይርገበገባሉ። ብርሃኑ ሲነካቸው አንዳንዱ ጉልበት ለእነርሱ ሰጥቶ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ከእነርሱ ጉልበት ወስዶ ይመለሳል። ጉልበት ወስዶ የሚመለሰው ብዛቱ በሙቀት ላይ ጥብቅ ጥገኝነት አለው። የሁለቱን ጥምርታ ያሰላ መሣሪያ ብርሃኑ የተመለሰበትን ቦታ ሙቀት ያውቃል ማለት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን ከጊዜ ቆጠራው ጋር አዋሕደው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካ ቴርሞሜትር ሠሩ። ዛሬ አንድ ክር በአሥር ኪሎ ሜትሮች ርዝመት ላይ በየአንድ ሜትሩ ሙቀት ይነግረናል። በሺህ የሚቆጠር ቴርሞሜትር በአንድ ክር ላይ ተሰካ ማለት ነው፤ በክሩ ላይ ግን አንዲት ሽቦ፣ አንዲት ባትሪ የለችም።

ይህ ለግድብ ትልቅ ነገር ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ግድቡ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም እንዲሁ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ይሞቃል፤ ቤት ያሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አዲስ የተሞላ ሶሌታ በእጅ ሲነኩት ለብ ይላል። በቤት ውስጥ ሙቀቱ በአንድ ሁለት ቀን ይወጣል። በመቶ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት መሃል ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ለዓመታት ይቆያል። ውጭው ቀዝቅዞ ሲኮማተር መሃሉ ገና ትኩስ ነው፤ ጉተታው ከኮንክሪቱ አቅም ካለፈ ይሰነጠቃል። ዮርዳኖስ ውስጥ የሙጂብና የዋላ ግድቦች ሲሠሩ መሐንዲሶቹ ፋይበር ኬብል በኮንክሪቱ ንጣፎች መሃል እያስተኙ የውስጡን ሙቀት ተከታትለዋል። ኬብሉ ከተቀበረ በኋላ በዚያው ይቀራል፤ ግድቡ ካለቀም በኋላ ሰርጎ የሚገባ ውሃ ካለ የዚያን ቦታ ሙቀት ስለሚለውጠው ስርገቱን ይጠቁማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንሂድ፤ ወደ ጊልገል ጊቤ ሁለት። ከጊልገል ጊቤ አንድ የሚወጣውን ውሃ በተራራ ሆድ አሾልኮ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርድ ሥራ ነው። ዋሻው ከፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ውሃው በመጨረሻ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 500 ሜትር የቆመ ውሃ ከሥሩ ወደ 50 ጊዜ የባሕር ዳርቻን የአየር ግፊት ያህል ይጫናል። ከዚያ ግፊት 420 ሜጋ ዋት ይገኛል።

በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከሁለቱ የዋሻ መቆፈሪያ ማሽኖች አንዱ በተራራው ውስጥ የተሰባበረ ዐለት ቀጠና ላይ ደረሰ። ከፊቱ የነበረው ውሃ የጠገበ ጭቃ ነበር፤ ጭቃውም ሙቅ ነበር። በከፍተኛ ግፊት ገፍቶ በመቶ ቶኖች የሚመዘነውን ማሽን ወደ ኋላ መለሰው፤ የዋሻውን የኮንክሪት ቀለበቶችም ጎዳ። ማሽኑን ለማስለቀቅ በጎን ሌላ ማለፊያ መቆፈር ግድ ሆነ፤ ሥራውም እጅግ ዘገየ። ጣቢያው ጥር 5 ቀን 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል በድንጋይ ናዳ ተደርምሶ ሥራው ቆመ። ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ ዐለት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው። እዚህ ምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት አብረው ይመጣሉ። ዐለቱ በተሰነጠቀበት ቦታ ሙቅ ውሃ ከጥልቅ ይወጣል፤ ስለዚህ ከማሽኑ ፊት ቀድሞ በሚቦረቦር ቀጭን ጉድጓድ ውስጥ ሙቀቱ ያለ ወትሮው ከፍ ካለ፣ ስንጥቁ እየቀረበ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። ግፊቱን ብቻ ለሚያይ ይህ ምልክት አይታየውም፤ ሙቀቱን ብቻ የሚያይም ምን ያህል ጉልበት ከፊቱ እንደተጠራቀመ አያውቅም። በእንዲህ ያለ እርጥበትና ጭቃ ውስጥ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሽቦው ይዝጋል፣ ውሃ ይገባበታል፣ የመብራት መስመር ያውከዋል። መስታወት አይዝግም፤ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም።

ግፊትን በመስታወት ክር መለካት እንዴት ነው? አንዱ መንገድ እንዲህ ነው። በክሩ ጫፍ ላይ ከፀጉር የጠበበች ክፍተት ይተዉና በላይዋ ስስ የመስታወት ወይም የሲሊከን ሽፋን ያደርጋሉ። በክሩ የመጣው ብርሃን ከፊሉ ከክሩ ጫፍ፣ ከፊሉ ከሽፋኑ ተመልሶ ሁለቱ ሞገዶች ይገናኛሉ፤ በአንዳንድ ቀለም ይበረታታሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። ግፊት ሽፋኑን ጫን ሲያደርገው ክፍተቷ ትጠባለች፤ የሚበረታታው ቀለምም ይቀየራል። የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ለውጥ እንኳን ይታያል። መሠረቱ የሁለት ፈረንሳውያን፣ የሻርል ፋብሪና የአልፍሬድ ፔሮ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ማለቂያ ያበጁት መሣሪያ። በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ሴንሰር ወደ ልብ ትልቁ የደም ቧንቧ ወይም ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል፤ መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ሌላ የሚተካከለው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ኬን ሂልና ባልደረቦቹ ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን በፋይበር ውስጥ ሲያሳልፉ፣ ክሩ ከጊዜ በኋላ ያንኑ ብርሃን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ብርሃኑ በመስታወቱ እምብርት ውስጥ እጅግ የተቀራረቡ ጭረቶች ጽፎ ነበር። ዛሬ እነዚህን ጭረቶች ሆን ብለን እንጽፋለን። ጭረቶቹ እንደ መራራቃቸው መጠን አንድ ቀለም ብቻ ይመልሳሉ፣ ሌላውን ያሳልፋሉ። ክሩ ቢሳብ ጭረቶቹ ይራራቃሉ፤ ቀለሙ ይቀየራል። ክሩ ቢሞቅም መስታወቱ ራሱ ስለሚለወጥ ቀለሙ ይቀየራል። በ1,550 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ አንድ ዲግሪ ሙቀት ቀለሙን በ10 ፒኮ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ክሩ ከርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳብ ደግሞ በ1.2 ፒኮ ሜትር ገደማ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ በ10 ፒኮ ሜትር ተንቀሳቀሰ እንበል። ክሩ ሞቀ ወይስ ተሳበ? ብርሃኑ ይህን ብቻውን አይለይም። በድልድይ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው «ድልድዩ ተለጠጠ፣ ሊሰበር ነው» ብሎ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ የሆነው ግን መሞቅ ብቻ ነው። መሐንዲሶች መላ አበጁለት። ከተለጠፈው ሴንሰር አጠገብ ሌላ አንድ ሴንሰር ያኖራሉ፤ ይህኛው ልቅ ነው፣ ምንም አይስበውም። እርሱ ሙቀቱን ብቻ ይመሰክራል። የእርሱን ቁጥር ከሌላኛው ላይ ሲቀንሱ የቀረው እውነተኛው ጉተታ ወይም ግፊት ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት ይህ ነው። ሴንሰር መግዛት ገንዘብ ያለው ሁሉ ይችላል፤ ምስክሩን ከጎኑ ማስቀመጥን ግን የሚያውቀው የተማረ ባለሙያ ነው።

በየከተማችን ዳር ካለው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያም አንድ ነገር ልጨምር። በትራንስፎርመር ሆድ ውስጥ ጥቅሉ መዳብ በወረቀት ተጠቅልሎ በዘይት ይጠመቃል። ውጭ ያለው ቴርሞሜትር የሚያሳየው የላይኛውን ዘይት ሙቀት ነው፤ ወረቀቱን የሚያቃጥለው ግን በጥቅሉ መሃል ያለችው ትኩስ ቦታ ናት፤ እርሷም ከዘይቱ ይበልጥ ትሞቃለች። በዓለም አቀፉ የስሌት ደንብ መሠረት ተራው የሽፋን ወረቀት ከ98 ዲግሪ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅና ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ቦታ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስላለ የብረት ሽቦ ማስገባት አይሞከርም። የመስታወት ክር ጫፍ ላይ ጋሊየም አርሰናይድ የተባለ ቅንጣት ክሪስታል ተለጥፎ ይገባል፤ ክሪስታሉ ሲሞቅ የሚውጠውን የብርሃን ቀለም ይቀይራል፣ እኛም ከውጭ ሆነን ሙቀቱን እናነባለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ፋይበር የሌለበትን የብርሃን ቴርሞሜትር ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ በር በግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ነው። ብዙ ሰው ጨረር የሚረጭ መስሎት ይሸሸው ነበር። መሣሪያው ሙቀቱን ለማንበብ ወደ እናንተ የሚልከው አንዳች ጨረር የለም፤ ከእናንተ የሚወጣውን ብቻ ይቀበላል። የሰው ቆዳ ያለማቋረጥ ዓይን የማያየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ያመነጫል፤ በተለይም በ10 ማይክሮ ሜትር ሞገድ አካባቢ። በዚህ ሞገድ ቆዳ ጠይም ሆነ ቀይ ልዩነት የለውም።

ብረት ግን ሌላ ነው። ለፋብሪካና ለኩሽና የሚሆነውን ዓይነት ታህተ ቀይ ቴርሞሜትር አግኝታችሁ የፈላ ውሃ በያዘ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ጎን ላይ ብትደቅኑት ከክፍሉ አየር ብዙም ያልራቀ ቁጥር ያሳያችኋል። የሚያብለጨልጭ ብረት የራሱን ሙቀት በጥቂቱ ብቻ ያበራል፤ የሚያንጸባርቀው የግድግዳውን ሙቀት ነው። ያንኑ ድስት በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጥቂት ሸፍናችሁ ፕላስተሩ ላይ ደቅኑት። ቁጥሩ ወደ 90 ይዘላል። የፊዚክስ መምህራንን እለምናለሁ፣ ይህን ክፍል ውስጥ አሳዩ፤ መሣሪያ የሚለካው የታየውን እንጂ የተመኘነውን እንዳልሆነ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

ወደ ፋይበሩ እንመለስ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አሉቶ ላንጋኖ የተባለ የከርሰ ምድር እንፋሎት ቦታ አለ። የእንፋሎት ጉድጓዶቹ ወደ 2,500 ሜትር ይጠልቃሉ፤ ሙቀቱ በአንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ ያልፋል። እንዲህ ባለ ሙቀት ተራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አይቆይም። የመስታወት ክር ልባሱ ከፖሊይማይድ ወይም ከብረት ከተሠራ ይዘልቃል። ያም ሆኖ እንከን የለውም አልልም፤ በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ሃይድሮጅን ወደ መስታወቱ እየገባ ከጊዜ ጋር ብርሃኑን ያደበዝዘዋል፤ የሚያነበው ሳጥንም ዋጋው ከባድ ነው። አንዲት ቦታ ላይ አንድ ሙቀት ለመለካት ተራው የሽቦ ቴርሞሜትር ርካሽና በቂ ነው፤ ፋይበር የሚያስፈልገው ረጅም ርቀት፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ውሃ ወይም ኃይለኛ ሙቀት ባለበት ነው።

የተዘረጋው የቴሌኮም ክር ራሱ መለኪያ ሊሆን መቻሉን ደግሞ አይስላንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ላይ ተመራማሪዎች ለስልክ የተቀበረ 15 ኪሎ ሜትር ፋይበር ተጠቅመው የመሬት መንቀጥቀጥን በየጥቂት ሜትሩ መዘገቡ፤ በምድር ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅም አገኙ። አይስላንድም እንደ እኛ አህጉራዊ ንጣፎች የሚላቀቁባት አገር ናት። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ዳር ሥራ ፈትቶ የተቀበረ ክር በየኬብሉ ውስጥ አለ፤ በአንድ ኬብል ውስጥ የሚገቡት ክሮች ሁሉ ሥራ ላይ አይውሉምና። ይህ ሊታሰብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያ ድረስ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜም ግቢ የምትማሩ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ያላችሁ ወጣቶች በትንሽ ዕቃ የምትጀምሩት አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ቴክኒሻኖች ፋይበር ሲፈትሹ ቀይ ብርሃን የምትሰጥ ብዕር ይጠቀማሉ፤ ክሩን ጠበቅ አድርጎ ያጠፈ ሰው ከእጥፋቱ ላይ ቀዩ ብርሃን ሲያፈስ ያያል። ይህን ፍሳሽ ወደ መለኪያ መለወጥ ይቻላል። አንድ ሜትር የፕላስቲክ ፋይበር፣ ቀይ ኤልኢዲ፣ ብርሃን ሲያገኝ ተቃውሞው የሚቀንስ አንድ ፎቶ ሬዚስተርና መልቲ ሜትር ይበቃል። ክሩን ጥርስ ባላቸው ሁለት እንጨቶች መሃል አስተኙት፤ ጥርሶቹ ተራ በተራ እንዲገቡ አድርጉ። ከላይ 1 ኪሎ ስኳር፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 ኪሎ አስቀምጡ፤ ክሩ እየተጨማደደ ብርሃን ያፈስሳል፣ በመልቲ ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥርም ይወጣል። በደብተራችሁ ላይ መስመሩን ሥሩ።

ከዚያ ክብደቱን ሳትነኩ ዕቃውን ለግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አውጡት። ቁጥሩ ይቀየራል። ኤልኢዲ ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳልና ማንም ሳይጫን ክብደት የተጨመረ ሊመስል ይችላል። አሁን ሥራችሁ ምስክሩን መሥራት ነው፤ ከዚያው ኤልኢዲ ብርሃን የሚያገኝ፣ ምንም የማይጫነው ሁለተኛ ክር ጎን ለጎን አኑሩና የሁለቱን ጥምርታ ውሰዱ። በትክክል ከሠራችሁት ጥላም ሆነ ፀሐይ ቁጥሩን እምብዛም አያናውጠውም።

በአውቶክሌቭ ክፍል የምትሠሩ ባለሙያዎችም ከዛሬ ጀምሮ ከግፊት ጌጁ ጎን የሙቀት መለኪያውን አንብባችሁ በመዝገብ ላይ ጻፉ፤ የሙቀት መለኪያ የሌለው ማሽን ካላችሁ ለከፍታችን የተስተካከለውን ግፊት ኃላፊዎቻችሁን ጠይቁ። የክሩን ሙከራ የሞከራችሁ ተማሪዎች ደግሞ በሁለት ክርና በአንድ ክር ያገኛችሁትን ቁጥር በደብዳቤ ላኩልን፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም በዚሁ ዝግጅት እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)